ከእመቤቴ ጋር የሚከራከሩት አማቴ

በየሰፈሩ፣ በየሕንፃው፣ በየዘመድ አዝማዱ መካከል ከሰማይ ጋር ዋጋ የሚከራከሩ አንዲት ሴት አይጠፉም። «እኛ ሰፈር የሉም» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ገና ጎረቤቶቹን አላወቀም እለዋለሁ። እኔ እሳቸውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ልጃቸውን አግብቼ፣ ከእሳቸው አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ እኖራለሁ።

ክብርት አማቴን የገበያው ሰው የሚያውቃቸው «እማማ ቀንስ» በሚለው የማዕረግ ስማቸው ነው። አትክልት ሻጩ ከሩቅ ሲያያቸው ቲማቲሙን በጆንያ ይሸፍናል። መሸፈኑ ግን አያድነውም፤ «የተሸፈነማ የተበላሸ ነው፣ ቀንስ!» ይሉታል። «ዋጋ አንድ ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሱቅ ለእሳቸው ክርክር ክፍት ነው ማለት ነው። ጥርስ ሐኪሙን «ይሄኛውን ስትነቅል ያንን ምረቅልኝ» ብለውታል። መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷ «በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጣል» ስትላቸው «ሁለት ይሁንልሽ» ሲሏት እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ይህ እንግዲህ የምድሩ ንግድ ነው። ዋናው ክርክር የሚካሄደው ቤታቸው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ነበር። እማማ ጠዋትና ማታ ሥዕሏ ፊት ወንበር ስበው ይቀመጡና፣ የተለመደውን ጸሎት በወጉ ካደረሱ በኋላ፣ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ። ጉዳያቸው ጮክ ያለ ስለሆነ በኩሽና ቧንቧው በኩል እኛም ቤት ይደርሳል። ባለቤቴና እኔ ቁርሳችንን የምንበላው የሰማዩን ድርድር እየተከታተልን ነበር።

«እመቤቴ፣ መነጽሬን አሳዪኝና ዛሬ ቀኑን ሙሉ ማንንም አላማም።»

ዕቃ ሲገላበጥ ይሰማል። ከዚያ፦ «ይሄማ ራሴ ላይ ነው የነበረው! አንቺ ምን ደከምሽበት? በይ እስከ ምሳ አላማም፣ ከምሳ በኋላ ግን አልችልም።»

ልጃቸው ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ «ጥሩ ባል ከሰጠሽልኝ ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ» ብለው ተስለው ነበር አሉ። ሽማግሌዎቼ ተቀባይነት አግኝተው ቤቱ እንደ ልጅ መግባት በጀመርኩ ጊዜ፣ እማማ እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው ሻያቸው ውስጥ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ሲጨምሩ አየሁ። ነገሩ የገባኝ ባለቤቴ በሳቅ እየፈረሰች ስታስረዳኝ ነው፤ ለካ «ስለቱ እንደ ዕቃው ነው» ብለዋል።

ቄሱ አንድ ቀን ሊመክሯቸው ሞከሩ። «እማማ፣ እመቤታችን ነጋዴ አይደለችም እኮ» አሏቸው።

«አውቃለሁ አባ። እናት ናት» አሉ እማማ። «ሰው ከእናቱ ጋር ካልተከራከረ ከማን ጋር ሊከራከር ነው?»

ቄሱም ነገሩን አሰቡበት መሰለኝ፣ ሁለተኛ አላነሱትም።

የዚህ ሁሉ ክርክር ዝምተኛ ምስክር ባለቤታቸው ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። ሙያቸው ቁልፍ መቅረጽ ነው። ሕንፃው ሥር ካለችው፣ አንድ ሰው ብቻ ከምታስገባው ሱቃቸው ውስጥ በሞረድ ነሐስ ሲፍቁ ይውሉና፣ ማታ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ የወርቅ አቧራ የመሰለ ብናኝ ይዘው ይገባሉ። ደንበኛ የጠፋበትን ቁልፍ ታሪክ ከነሐዘኑ ሲያወራላቸው «እህ» ይላሉ። ሲጨርስ «ነገ ና» ይላሉ። እቤት ደግሞ እማማ የሁለቱንም ድርሻ ስለሚናገሩ ለአባባ የሚተርፍ ወሬ የለም። ማታ ግን ወንበራቸውን ከእማማ ወንበር ጎን አድርገው፣ የእመቤታችንን ሰላምታ አብረው ይደግማሉ። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው በቃል የተማሩት ነው። ድርድሩ ሲጀመር ተነሥተው ጋዜጣቸውን ያነባሉ።

በጾም ወራት ገበያው ይደራል። እማማ ዐቢይ ጾምን አንድም ቀን አያጓድሉም፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ስለሚጾሙም እጃቸው ባዶ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ በዚያ ሰሞን የሕንፃው ሰው ሁሉ ጉዳይ ይዞ ይመጣል። የአንዷ ልጅ ፈተና አለበት፣ የአንዱ ወንድም ሥራ ፈቷል፣ ሌላዋ ከባሏ ጋር ተኳርፋለች። እማማ ሁሉንም ተቀብለው ወደ ላይ ያቀርባሉ። ሞገስ የለውም ብዬ የምስቅበት ጊዜ ነበር። የሚሰጡት ግን ሁልጊዜ ከራሳቸው ላይ ተቆርጦ ነበር፦ እንቅልፋቸው፣ ጉልበታቸው፣ ሻያቸው። ለራሳቸው ሲለምኑ የሰማሁት መነጽር ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ በቧንቧው በኩል የሰማነው ክርክር አልነበረም። ጩኸት ነበር።

ባለቤቴ ሻዩን እንደያዘች ወረደች። እኔም ተከተልኳት። አባባ አንዱን ጫማ አስረው፣ ሌላውን ሳያስሩ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል፤ የሌላ ሰው ዕቃ ድንገት የተጣለባቸው ይመስል ያዩታል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እማማ የአባባን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው «ተናገር! ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ!» ይላሉ።

ሆስፒታል ስንደርስ «ስትሮክ ነው» አሉን። አባባን በተሽከርካሪ አልጋ አስገቧቸውና በሩ ተዘጋ። እኛ ከኮሪደሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ወንበሮቹ በአንድ ብረት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሰው ሲንቀሳቀስ ሁሉም ይነቃነቃል። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አሁን እናቴ የማትሳለው ነገር የለም። ቤቱን ጭምር ትሰጣለች፣ ታያለህ።»

ጠበቅን። እማማ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ፊት ለፊት ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። ነርሶች አለፉ፣ የምግብ ጋሪ አለፈ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። እማማ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባለቤቴ እጄን ጨመቀችኝ።

«ሂድና አንድ ነገር በላት። እሷ ስትከራከር ካልሰማሁ እፈራለሁ።»

አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አይጸልዩም እንዴ?»

«እየጸለይኩ ነው ልጄ።»

«ድምፅዎን ስላልሰማሁ ነው።»

የሻርፑን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት።

«ዝም በል አልኩት» አሉ።

«ማንን?»

«እሱን። ጠዋት። ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ የዚያችን ልጅ የፈተና ነገር ይዤ። እሱ ጫማውን እያሰረ 'ስሚኝማ፣ እጄን' አለኝ። ሰው በዓመት አንዴ ሊያወራ ሲነሣ... 'አንዴ ዝም በል፣ ከእመቤቴ ጋር እየተነጋገርኩ አይደለም እንዴ!' አልኩት። ዝም አለ። ጨርሼ ዞር ስል...» አልጨረሱትም።

«ታዲያ አሁን ለእመቤታችን ይንገሯት። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት» አልኩ።

«ነገርኳት። ከልጅሽ አማልጂኝ አልኳት። ይሄን ብታደርጊልኝ ይሄን አደርጋለሁ ማለት ግን አቃተኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ይዤ ልከራከር? ያለኝ እሱ ነው። እሱን ሰጥቼ እሱን ልግዛ?»

ባለቤቴ ከዚያኛው ወንበር ላይ ታለቅሳለች፤ ወንበሩ ሁላችንንም ያንቀጠቅጠናል።

«ስንት ዘመን ስጮህባት ኖርኩ» አሉ እማማ፣ ለኔ ይሁን ለግድግዳው ሳይታወቅ። «መልአኩ የመጣባት ቀን እሷ ምን አለች? ይሁን ነው ያለችው። ምን እንደሚያመጣባት ሳታውቅ፣ ልጅ እግር ሆና። ልጇን ሲሰቅሉት ደግሞ እግሩ ሥር ቆመች እንጂ ዋጋ አልጠራችም። እኔ ሥዕሏን ሳይ ኖርኩ እንጂ እሷን አይቻት አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ተነሡ። ፊት ለፊታቸው ሥዕል የለም፣ መስቀል የለም፤ እጅ ስለ መታጠብ የሚናገር ማስታወቂያ ብቻ ነበር። እሱ ፊት ቆሙ። ልደግፋቸው ብነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ጌታዬ፣ እንዲተርፍልኝ እፈልጋለሁ። ታውቀዋለህ፣ አልዋሽህም» አሉ። የሚቀጥለው ቃል አልወጣ ብሏቸው ሲታገሉ አገጫቸው ላይ ይታይ ነበር። «ግን ያንተ ነው። እሺ።»

በዕድሜዬ ብዙ «እሺ» ሰምቻለሁ። ለአለቃ የሚባለውን፣ ለፖሊስ የሚባለውን፣ ለነገረኛ የሚባለውን። እንዲህ ያለ «እሺ» ግን ሰምቼ አላውቅም። ደስ ብሏቸው አልነበረም፣ ተስፋ ቆርጠውም አልነበረም። ሰው ሊያነሣው የማይችለውን ነገር ሲያነሣ ያየሁ ያህል ፀጉሬ ቆመ። ከኛ ማዶ የተቀመጠ፣ የማናውቀው ሰውዬ ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አባባ ተረፉ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን ደከሙ፣ ንግግራቸውም ሄደ። ሐኪሟ ስትነግረን አልሸፋፈነችም። «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለች። እኔ እማማ አሁን «ግማሹን እንኳ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው የመድኃኒቱን አወሳሰድ ጠየቋት። ሦስት ጊዜ ስትላቸው ሦስት ጊዜ አሉ።

እቤት ከገቡ በኋላ እማማ አባባን ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ሾርባ በማንኪያ ያበላሉ። የኩሽና ቧንቧው ጸጥ አለ። ጸሎታቸው አልቀረም፤ የቀረው ከጸሎት በኋላ የሚመጣው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ አትክልት ሻጩ ነው፣ ደንግጧል።

«እማማን ምን አገኛቸው?»

«ምነው?»

«የነገርኳቸውን ከፍለው ሄዱ!» አለኝ። «እኔ እኮ የጠራሁት ለክርክር ነው። ከፍለው ሄዱ!» በፌስታል ሞልቶ ያመጣውን ቲማቲም አስታቀፈኝና፣ «ይሄ ምርቃት ነው በላቸው» ብሎ ዓይኑን እየጠራረገ ደረጃውን ወረደ።

የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ወጣት ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ይዛ ትመጣ ጀመር። ኩባያ ታሳያቸዋለች። አባባ ከንፈራቸው ይላወሳል፣ «ብ... ብ...» ይላሉ፣ ያልባቸዋል። ውሻ ታሳያቸዋለች። ወንበር ታሳያቸዋለች። አንድ ቀን ያወጣችው ካርድ የቁልፍ ሥዕል ነበር። አባባ አዩት። ዕድሜ ልካቸውን የፋቁትን ነገር ስሙን ከአፋቸው ውስጥ ፈለጉት፣ አጡት። በደህናው እጃቸው ካርዱን ገለበጡትና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እማማ ካርዱን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት፤ «ዛሬ ይበቃል» አሏት ልጅቷን በቀስታ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ባለቤቴ ዳቦ እየቆረጠች ሳለ፣ እማማ ከታች ሲጮኹ ሰማን። እንደ በፊቱ መስሎን ደረጃውን በአየር ወረድነው። በሩን ስንከፍት አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እማማ ሥዕሏ ፊት ቆመው፣ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው።

«ተናገረ!» አሉን። «የእመቤቴን ሰላምታ እያደረስኩ... ሆድ ባሰኝና 'ደስ ይበልሽ' ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ከኋላዬ እሱ ቀጠለው!»

«አባባ!» አለች ባለቤቴ እግራቸው ሥር ተንበርክካ። «በስሜ ጥራኝ እስቲ።»

አባባ ሞከሩ። አልወጣም። «ውኃ በል» አለቻቸው። አልወጣም። እማማ ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አባባ በዚያው በወፍራም፣ ሞረድ በመሰለ ድምፃቸው ተቀበሏቸው፤ አንድ ቃል ሳይጎድል፣ አንድ ፊደል ሳይሰበር፣ እስከ አሜን ወረዱት። እኔ በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ውኃ ማለት ያቃተው አፍ እመቤታችንን ሲሳለም ስሰማ፣ ተረት እንዳልሆነ ለማረጋገጥ የበሩን እጀታ ጨብጬ ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ከነካርዶቿ ስትመጣ ነገርናት። ብዙም አልተገረመችም።

«በቃል የተያዘ ነገር አንጎል ውስጥ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው» አለች። «ጸሎት፣ ዘፈን፣ የሳምንቱ ቀናት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። አይተናል።»

«እና የእመቤቴ ሥራ አይደለም ልትዪኝ ነው?» አሉ እማማ።

«እኔ መንገዱን ነው የነገርኩዎት እማማ። ማን እንደጠረገው እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለችና፣ ትንሽ ቆይታ፣ «እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ?» ብላ አባባን ለመነቻቸው። ሲጨርሱ ካርዶቿን መሰብሰብ ረስታ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አባባ ሐሳባቸውን ሁሉ በጸሎት ቃል መግለጽ ጀመሩ። «አሜን» ማለት አዎ ነው። «ይቅር በለን» ማለት አይሆንም ነው። ሾርባው ጨው ሲበዛበት «አቤቱ!» ይላሉ። እኔ አዲስ ፀጉር ተቆርጬ የገባሁ ቀን ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ ከልባቸው አዝነው፣ «ይቅር በለን» አሉ። ባለቤቴ እስክታነባ ሳቀች። እማማም ሳቁ፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን እንደ ድንጋይ እማማ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ አውቀዋለሁ፣ አባባ ያውቁት ይሆን አይሆን አላውቅም። ጾሙ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ ሾርባ ይዤላቸው ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ ወንበራቸውን ከአባባ ፊት ለፊት አድርገው ተቀምጠዋል። ስላላዩኝ ልመለስ አልኩ፤ ግን ጀምረውት ነበር።

«ያን ቀን» አሉ፣ «ዝም በል ያልኩህ... ሳልሰማህ። እጄን ብለኸኝ ሳልሰማህ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፣ ለእመቤቴ ተናግሬያለሁ። ላንተ ነው መናገር ያቃተኝ። ተቀይመኸኛል?»

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። «አ...» አሉ። «አ... አል...» ግንባራቸው ላይ ላብ መጣ። ቃሉ አልመጣም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ «ተወው፣ ተወው፣ አትድከም» ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ አባባ በደህናው እጃቸው የእማማን እጅ ያዙ።

«ደስ ይበልሽ» አሉ።

እማማ ጸሎት መስሏቸው የአባባን አገጭ ይዘው ፊታቸውን ወደ ሥዕሏ አዞሩላቸው። አባባ መልሰው ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ወደዚያ ነው እንጂ! ለኔ አይባልም ይሄ፣ ኃጢአት ነው!» አሉ እማማ ደንግጠው።

አባባ እጃቸውን አልለቀቁም። ዓይናቸውን እማማ ዓይን ላይ ተክለው፣ ቃል በቃል፣ ሳይቸኩሉ፣ «ከሴቶች ሁሉ ተለይተሽ» አሉ፣ «አንቺ የተባረክሽ ነሽ።»

ሾርባውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ እማማ እኔን ይዘው ቄሱ ዘንድ ሄዱ። ነገሩን ሁሉ አስረድተው፣ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ጠየቁ። ቄሱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እመቤታችን አትቀናም» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎስ ታዲያ ምን መለሱላቸው?»

«ምን እመልሳለሁ አባ!» አሉ አማቴ። ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። «አፈርኩ።»

አሁንም ማታ ማታ አባባን በወጉ፣ ሥዕሏ ፊት አዙረው ያስቀምጧቸዋል። አባባ በደህናው እግራቸው ወለሉን ገፋ ያደርጉና ወንበሩን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ እማማ ያዞሩታል። ቧንቧው የሚያደርሰው ጩኸት ብቻ ነው፣ ይሄን አያሰማም። ስለዚህ እኔ ሾርባውን አንሥቼ እወርዳለሁ። ባለቤቴ ሁልጊዜ «ሾርባውን አቀዝቅዘህ ነው የምታደርስላቸው» ብላ ትቆጣኛለች። እውነቷን ነው። ሁለቱም አሜን እስኪሉ ድረስ በሩ ላይ እቆማለሁ።